በትምህርት ቤታችን የተከማቹትን አሮጌ ኮምፒውተሮች ተማሪዎች በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሊያድሷቸው ይፈልጋሉ፦ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የአይሲቲ መምህር (ምሥራቅ ጎጃም)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርና የኮምፒውተር ክበብ አስተባባሪ ነኝ። በንብረት ክፍላችን ውስጥ በተለያየ ጊዜ በግዥና በእርዳታ የመጡ፣ አሁን ግን አይሠሩም ተብለው የተደራረቡ ሠላሳ ያህል ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች አሉ። በፕሮሰሰራቸው (ዋናው የማስሊያ ክፍላቸው) አብዛኞቹ ኮር ቱ ዱዎ፣ ጥቂቶቹ ፔንቲየም 4፣ አምስት ወይም ስድስት የሚሆኑት ደግሞ የቀድሞ ትውልድ ኮር አይ 3 ናቸው፤ ራማቸው (ሲሠሩ መረጃ የሚይዙበት ጊዜያዊ ማኅደር) ከ1 እስከ 4 ጊጋባይት ይደርሳል። በቤተ ሙከራችን ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ከዐሥር ስለማይበልጡ በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስትና ስድስት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ይቆማሉ፤ ኪቦርዱን የሚነካው ግን ሁልጊዜ አንዱ ነው።

የክበቡ አባላት እነዚህን ኮምፒውተሮች ራሳቸው ጠግነው በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ክፍት ምንጭ ሥርዓት ሊኑክስን እንዲጭኑባቸው ጥያቄ አቅርበዋል፤ ርእሰ መምህሩም ንብረቱ በአግባቡ ተመዝግቦ የሚወጣና የሚመለስ ከሆነ እንደሚፈቅዱ ነግረውኛል። ይሁንና ከመጀመራችን በፊት ልምድ ካላችሁ ሰዎች ምክር ማግኘት እፈልጋለሁ። ለየትኛው ማሽን የትኛው ሥርዓት ይስማማል? የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች የኮምፒውተር ኬዝ ከፍተው ሲሠሩ ልጠነቀቅለት የሚገባ ነገር ምንድን ነው? ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም በስልክ ዳታ ስለምንጠቀም፣ ለሠላሳ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ማውረድ የምንችል አይመስለኝም፤ ለዚህ መፍትሔ አለው? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ተማሪዎቹ ከዚህ ሲወጡ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠብቃቸው ዊንዶውስና ማይክሮሶፍት ኦፊስ መሆኑ ነው። ሊኑክስ በማስተማሬ እጎዳቸው ይሆን?

መልስ 1፦ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ (አዲስ አበባ)

መምህር፣ የትኛው ሶፍትዌር ይጫን የሚለውን ለጊዜው ያቆዩትና በመጀመሪያ ማሽኖቹን ይለዩ። በእኔ ልምድ፣ አይሠራም ተብሎ ከተጣለ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ከፊሉ ችግሩ አቧራ፣ የላላ ራም ወይም ያለቀ የማዘርቦርድ ባትሪ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁጥር ይለጥፉለት፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ይመድቡበት፤ ኃይል ሲሰጠው ፋኑ ይዞራል ወይ፣ ድምፅ ያሰማል ወይ፣ ስክሪኑ ላይ ምስል ይመጣል ወይ፣ ሃርድ ዲስኩ ይታያል ወይ የሚሉትን በደብተር ያስመዝግቧቸው። ይህ ደብተር በኋላ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ተማሪ በቀላሉ ከሚፈታቸው ችግሮች የመጀመሪያው ራም ነው። የራሙ መዳብማ ጫፍ ሲቆሽሽ ኮምፒውተሩ ይጮኻል እንጂ አይነሣም፤ ራሙን አውጥቶ ጫፉን በላጲስ በቀስታ ማሸትና ብናኙን አራግፎ በትክክል መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። እርሱ ሲሞት ኃይል በተቋረጠ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፤ በዚህም የተነሣ ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ስለሚቆጥር ገጾቹን አልከፍትም ይላል። ሰው ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ኔትወርኩን ሲነካካ ይውላል፤ ችግሩ ግን ርካሽ ባትሪ ነው። ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ፋኑንና በሥሩ ያለውን የብረት ማቀዝቀዣ ከአቧራ ማጽዳት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈውን፣ ደርቆ የተሰነጠቀውን ቅባት (ቴርማል ፔስት) ጠርጎ አዲስ መቀባት።

ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትናንሽ ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ያንን ማሽን ለመለዋወጫነት ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ የታወቀ ችግር ስለሆነ፣ ፔንቲየም 4 ከሆኑት ውስጥ ጥቂቶቹ እንዲህ ቢሆኑ አይግረምዎት።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር አጥብቄ እላለሁ። ፓወር ሰፕላዩን ማንም ተማሪ እንዳይከፍት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ ሞኒተርም እንዲሁ በፍጹም አይከፈትም። ከዚህ ውጭ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፣ የመነሻ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኃይል ማስወጣት፣ ካቻቪቴ ከመያዝ በፊትም የኬዙን ብረት መንካት ለልጆቹ ልማድ ይሁንላቸው። ሁሉንም ኮምፒውተር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ደራርበው እንዳይሰኩም ይጠንቀቁ።

በመጨረሻም ከሁለት አንድ ማድረግን አይፍሩ። እያንዳንዳቸው 1 ጊጋባይት ራም ያላቸው አራት ዘገምተኛ ኮምፒውተሮች ከሚኖሩዎት 2 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት ቢኖሩዎት ይሻላል። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 ራም ግን መግቢያቸው ስለሚለያይ ልጆቹ በጉልበት እንዳያስገቡ ይንገሯቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረው ዕቃ ሁሉ በደብተሩ ላይ ካልሰፈረ ደግሞ በንብረት ቆጠራ ጊዜ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

መልስ 2፦ የኔትወርክና ሲስተም አስተዳዳሪ (ባሕር ዳር)

የላይኛው መልስ መሠረቱን ስለጣለ እኔ ወደ ሶፍትዌሩ ልለፍ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ፕሮሰሰሩ 64 ቢት (አዲሱ ዓይነት) ነው ወይስ 32 ቢት (የድሮው) የሚለው ነው። ኮር ቱ ዱዎና ኮር አይ 3 ሁሉም 64 ቢት ናቸው፤ ከፔንቲየም 4 የኋለኞቹ ብቻ ናቸው። 2 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም ላላቸው 64 ቢት ማሽኖች ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር እመክራለሁ፤ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ዝቅተኛው 2 ጊጋባይት ራም ሲሆን በምቾት ለመሥራት 4 ያስፈልጋል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው፤ በ2 ጊጋባይት ሊብሬኦፊስ በደንብ ይሠራል፣ ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ መክፈት ግን ያታክታል። ስለዚህ ዜድራም የሚባለውን፣ በራም ላይ ያለውን መረጃ እያመቀ የሚያስቀምጠውን ዘዴ ያስጀምሩት፤ ልዩነቱ ይታያል።

ለ32 ቢቶቹ ምርጫው ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ካቆመ ቆይቷል፤ ዴቢያን የሚባለውም ለ32 ቢት የመጫኛ ቅጂ ያዘጋጀው እስከ 12ኛው እትም ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 13ኛው እትም ይህ የለውም። አንቲኤክስ የሚባለው ቀላል ሥርዓት አሁንም ይረዳዎታል። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ግን ፔንቲየም 4ቹን ወደ ቤተ ሙከራ አይመልሷቸው። ለሚሠሩት ሥራ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ይልቁንም ጀማሪ ተማሪዎች ፈትተው የሚገጥሙባቸው መለማመጃ ይሁኑ። ቢበላሹ የሚያሳዝን ነገር የለም።

ስለ ኢንተርኔቱ አይጨነቁ። የመጫኛውን ፋይል ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በአቅራቢያዎ ካለ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ሊኑክስ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ በቀጥታ ስለሚነሣ፣ ድምፁ፣ ኔትወርኩና ስክሪኑ መሥራታቸውን ሳይጭኑ ማየት ይቻላል። ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር እንደሚፈልጉት አድርገው ያሰናዱ፤ የአማርኛ ኪቦርዱን፣ ሊብሬኦፊስን፣ ለሒሳብ ጂኦጀብራን፣ ለፕሮግራሚንግ ስክራችንና ፓይተንን ይጫኑበት። ይህን የተዘጋጀ ዲስክ ክሎንዚላ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ሁሉንም በአንድ ስዊች (የኔትወርክ ማገናኛ) ላይ ካገናኟቸው በአንድ ጊዜ ለብዙዎቹ መላክም ይቻላል። ለወደፊት ማሻሻያዎችም አንዱን ኮምፒውተር የፓኬጅ ማከማቻ ያድርጉት፤ አንድ ጊዜ የወረደውን ለሌሎቹ ስለሚያድል ዳታዎ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል።

ወደ አሮጌው ዲስክ ከመቅዳትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ዲስክስ በሚባለው ፕሮግራም የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ይመልከቱ፤ የተበላሹ ክፍሎቹ እየጨመሩ የሚሄዱበት ዲስክ ሊታመን አይገባም። ሁለተኛ፣ ከቢሮ የመጡ ዲስኮች የተማሪ ውጤትና የሠራተኛ ደመወዝ ይዘው ሊሆን ስለሚችል፣ ልጆቹ እጅ ከመግባታቸው በፊት እርስዎ ራስዎ ሙሉ በሙሉ በዜሮ ይሙሏቸው። ፎርማት ማድረግ ብቻ መረጃውን አያጠፋውም።

ዲስክ የሌላቸው ማሽኖች ከበዙ ኤልቲኤስፒ የሚባለው አለ፤ ኮምፒውተሮቹ ከአንድ ሰርቨር በኔትወርክ ይነሣሉ። ዛሬ ባለው አሠራር ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው በተማሪው ማሽን ራም ላይ ስለሆነ ደካማ ራም በዚህ አይድንም። ሰርቨሩ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ስለሚቆምም መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አይሞከርም። ከኤልቲኤስፒ ይልቅ ያንን አንድ ጠንካራ ማሽን ኪዊክስና ኮሊብሪ ጭነው የትምህርት ቤቱ የውስጥ ቤተ መጻሕፍት ቢያደርጉት እመርጣለሁ። ዊኪፔዲያንና የካን አካዳሚ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት ለመላው ቤተ ሙከራ ያዳርሳል፤ ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም።

መልስ 3፦ የአካውንቲንግ አሠልጣኝ (ደሴ)

የተባለውን ሁሉ አከብራለሁ፤ ነገር ግን መምህሩ በመጨረሻ ያነሡት ሥጋት በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ከእኔ ዘንድ የሚመጡት ሠልጣኞች ሥራ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው። ፒችትሪ በሊኑክስ ላይ እንደ ልብ አይሠራም። እንደዚሁም በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ለፈተናም መብቃት አለበት፤ ለፈተና የሚታዘዘው ሶፍትዌር በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ምን ይደረጋል? ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የዞኑን ትምህርት መምሪያ ይጠይቁ፤ ቢያንስ ኮር አይ 3 የሆኑትን በዊንዶውስ ያቆዩ እላለሁ።

መልስ 2 ለመልስ 3

የፈተናው ነጥብ ትክክል ነው፤ መምሪያውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮር አይ 3ቹን ለይቶ ማቆየቱንም አልቃወምም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕና ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ በእነዚህ ማሽኖች ላይ በደንቡ አይጫንም። እንግዲህ ለአብዛኞቹ ያለው ምርጫ ሊኑክስ ወይም ንብረት ክፍል ነው። የተሰረቀ የዊንዶውስ ቅጂ ከየቦታው እያመጡ መጫን፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ቫይረሱን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲያዞር የኖረ ልማድ ነው።

ኤክሴልን በተመለከተ፣ ተማሪው በሊብሬኦፊስ ካልክ ላይ ድምርን፣ አማካይን፣ የሁኔታ ቀመርንና ሠንጠረዥ መደርደርን ከተማረ በኤክሴል ላይ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ይላመዳል፤ ቀመሮቹ በአብዛኛው አንድ ናቸው፣ ፋይሉንም በኤክሴል ቅርጽ ማስቀመጥ ይቻላል። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ግን በየትኛውም ላይ አይላመድም።

መልስ 4፦ የቀድሞ የክበብ አባል፣ አሁን የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ (ጎንደር)

መምህር፣ እኔም በሁለተኛ ደረጃ እያለሁ እንዲህ ባለ ክበብ ውስጥ ስለነበርኩ ከተማሪ ወገን ያለውን ልናገር። ሥራው የተማሪዎቹ ነው ከተባለ በእውነት የእነርሱ ይሁን። መምህሩ ኬዙን ከፍተው ተማሪው ዙሪያውን ቆሞ የሚመለከት ከሆነ ከአንድ ኮምፒውተር ስድስት ተማሪ ወደሚለው ችግር ተመለስን ማለት ነው። ተማሪው ራሱ ይሳሳት፤ የ2 ጊጋባይቱን ራም ከየት እንዳመጣው፣ ለምን እንዳልሠራ፣ ምን እንደሞከረ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ይጀምር። 12ኛ ክፍል ያሉት ሲሄዱ እውቀቱ አብሯቸው እንዳይሄድ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ልጆች መግባት አለባቸው።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። በእኛ ክበብ ካቻቪቴው ሁልጊዜ በወንዶቹ እጅ ነበር፤ እኛ ጽሕፈታችሁ ቆንጆ ነው እየተባልን ደብተሩን እንይዝ ነበር። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ያልተደለደለ ሥራ ወደዚያው ስለሚያዘነብል ነው። ጥንዶቹን እርስዎ ይመድቡ፤ በየኮምፒውተሩም ጻፊና ፈቺ ይቀያየሩ። ሥራው ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚመሽ ከሆነ ሩቅ ሰፈር ያሉ ሴት ልጆች ስለማይመጡ ቅዳሜ ጠዋት ማድረጉ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሕንድ የኬረላ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለዓመታት በነፃ ሶፍትዌር ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊትል ካይትስ የሚባል የተማሪዎች የአይቲ ክበብ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አቋቁመው ተማሪዎቹ የቤተ ሙከራውን መሣሪያዎች በመንከባከብ እንዲሳተፉ አድርገዋል። ሀብታም ግዛት ስለሆነ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፈቃድ መግዛት ስለማያዋጣ የተጀመረ ነው።

መልስ 5፦ የትምህርት ቤት የአይቲ ሠራተኛ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

ከውጭ ሆኜ ስከታተል ስለነበር ልጨምር። በፔንሲልቬንያ ላንካስተር አካባቢ ያለው ፔን ማነር የተባለ የትምህርት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ከ1,700 በላይ ላፕቶፖችን ሊኑክስ ጭኖ ሰጥቷል፤ ሶፍትዌሩን በማዘጋጀትና ብልሽት በመጠገን የሠሩት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። ማሽኖቹ አዲስ ስለነበሩ ከእናንተ ሁኔታ ጋር አንድ አይደለም፤ ተማሪ ይታመናል ወይ ለሚል ወላጅ ግን ጥሩ መልስ ነው።

እዚህ ያለን ሰዎች ያገለገለ ኮምፒውተር ልንልክላችሁ እንፈልጋለን፤ እባካችሁ ሁሉንም አትቀበሉ። ምን እንደሚያስፈልጋችሁ እናንተ ዝርዝር ላኩ፤ ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ራምና ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ይጠቅማል፤ ሻንጣ ውስጥም ይገባል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ በትንሽ ኤስኤስዲ ሲተካ ኮር ቱ ዱዎ እንኳ የሚነሣበት ፍጥነት ይለወጣል። ዴስክቶፕ ከአሜሪካ ከመጣ ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው ያለውን የቮልት መቀየሪያ እዩ፤ 115 ላይ ሆኖ በ220 ቮልት ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። የማይሠራ ዕቃ መላክ ደግሞ አይታሰብ፤ የአደገኛ ቆሻሻን ድንበር ማሻገር በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የባዝል ስምምነት መሠረት ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገሩን እንዲህ ወስነናል፦ ኮምፒውተሮቹ አምስት አምስት እየሆኑ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ወጪ ይሆናሉ፣ ታድሰው ሲያልቁ ቁጥራቸውና የተለወጠው ዕቃ ተጽፎ ለንብረት ክፍሉ ይገለጻል። ኮር አይ 3ቹን መምሪያው መልስ እስኪሰጠን አንነካቸውም። ፔንቲየም 4ቹ ለመለማመጃ ተለይተዋል፤ ጥንዶቹንም እኔው መድቤያለሁ፤ ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለዓመታት በአማርኛ የተጻፉ የፈተናና የማስታወሻ ፋይሎች አሉን። በመጀመሪያው ሊኑክስ ማሽን ላይ ስንከፍታቸው ከፊሉ በትክክል ሲነበብ፣ ከፊሉ የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ሆኖ ይመጣል። መምህራኑ ይህን አይተው አዲሱን ሥርዓት እንዳይጠሉት እሠጋለሁ።

መልስ 2

ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የአማርኛ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ስለሆነ ያ ፎንት በሌለበት በማንኛውም ኮምፒውተር፣ በዊንዶውስም ጭምር፣ እንዳያችሁት ሆኖ ይታያል። በትክክል የተነበቡላችሁ በኒያላ ወይም በኢብሪማ የተጻፉት መሆን አለባቸው፤ እነርሱ ዩኒኮድ ናቸው። ለእነዚህ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንትን ብትጭኑ ይበቃል፤ የመስመሩና የገጹ አሰላለፍ ብቻ ጥቂት ሊዛነፍ ይችላል።

ለቀሩት፣ ትምህርት ቤቱ በሕጋዊ መንገድ የገዛው የድሮ ፎንት ካለ ፎንቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ለማንበብና ለማተም ተጠቀሙበት። እንደገና የሚሠራባቸውን ፋይሎች ግን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዛውሯቸው። ሲቀየሩ የሚሳሳቱ ፊደላት ስለሚኖሩ፣ በተለይ ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥብና ዲቃላ ፊደላት፣ አንድ የአማርኛ መምህር ጥቂት ገጾችን ከዋናው ጋር አስተያይተው ሳያጸድቁ ሁሉንም አትቀይሩ፤ ዋናውንም ፋይል አትሰርዙት። ለአዲስ ጽሑፍ አይበስ በሚባለው የሊኑክስ የመጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የአማርኛ አጻጻፍ ወይም ኪማን የሚባለውን ሌላ የመጻፊያ ፕሮግራም ጫኑ፤ ሁለቱም በላቲን ቁልፎች ድምፁን በመጻፍ ስለሚሠሩ በፓወር ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የለመዱ መምህራን ብዙ አይቸገሩም። ልዩነት የሚያሳዩ ጥቂት ፊደላትን ተማሪዎቹ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ከየኪቦርዱ አጠገብ ይለጥፉላቸው።